ሳንክሽን ሁሌ ማዕቀብ አይደለም፦ ለጂ አር ኢ የእንግሊዝኛ ቃላትን ስለማጥናት

ባለፈው ክረምት አንዲት ለጂ አር ኢ፣ ማለትም ለውጭ አገር የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ የምትዘጋጅ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ደብተሩ ንጹሕ ነው። በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ የአማርኛው ፍቺ፣ መሃል ላይ በማስመሪያ የተሰመረ መስመር። ከአንድ ሺህ በላይ ቃል ጽፋለች። «እስኪ ይጠይቁኝ» አለችኝ። ከመሃል አንድ ገጽ ገለጥኩና «ሳንክሽን» አልኳት። ሳታመነታ «ማዕቀብ» አለች። ልክ ናት። በየዜናው የምንሰማው ቃል ነው።

ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠኋት። «ምክር ቤቱ ዕቅዱን ሳንክሽን ስላደረገው ግንባታው በማግስቱ ተጀመረ።» ዝም አለች። ማዕቀብ የተጣለበት ነገር እንዴት በማግስቱ ይጀመራል? እዚህ ላይ ሳንክሽን ማለት ማጽደቅ ነው። ቃሉ ከላቲን ሲነሣ ትርጉሙ አንድን ነገር በሕግ ማጽናት ነበር። ሕግ ሲጸና ደግሞ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል። የተፈቀደው ይፈቀዳል፣ የጣሰው ይቀጣል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ይዞ ቀረ። ያው አንዱ ቃል ፈቃድም ነው፣ ቅጣትም ነው።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ሦስት ወር ሙሉ ስትቸክል ከርማለች። ግን ቃሉን የምታውቀው ደብተሯ ላይ ብቻ ነው። ፈተናው ደግሞ ቃሉን ብቻውን አያመጣም፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ነው የሚያመጣው። እንደሷ የሚደክሙ ብዙ ልጆች አውቃለሁ። ድካማቸው ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በዚያው ጉልበት ከዚህ በጣም የራቀ ቦታ መድረስ ይችሉ ነበር።

ፈተናው የሚጠይቀው

ጂ አር ኢን የሚያዘጋጀው ፕሪንስተን፣ ኒው ጀርሲ ያለው ኢ ቲ ኤስ የተባለ ድርጅት ነው። በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተርስና የዶክትሬት አመልካቾችን ይመዝኑበታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ብዙ የትምህርት ክፍሎች ፈተናውን አስገዳጅ ማድረግ ትተዋል። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የምታመለክቱበትን የትምህርት ክፍል ድረ ገጽ ደህና አድርጋችሁ አንብቡ። ጥቂት የማይባሉ ልጆች ማንም ላልጠየቃቸው ፈተና ሲጨነቁ አይቻለሁ።

ፈተናው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 አጥሯል። ድሮ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነበር። አሁን 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው። የቋንቋው ክፍል፣ ማለትም ቨርባሉ፣ በጠቅላላው 27 ጥያቄ ብቻ ነው። መጀመሪያ 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ይሰጣል። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይደርሳችኋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር በደንብ ከሠራችሁ ሁለተኛው ዙር ይከብዳል፤ ከፍ ያለ ነጥብ የሚገኘውም በዚያ መንገድ ነው። ውጤቱ ከ130 እስከ 170 ይደርሳል።

ከ27ቱ ግማሽ ያህሉ አንብቦ መረዳት ነው። የቀረው በቀጥታ ቃል ላይ ያነጣጥራል፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባዶ ቦታ መሙላት ነው። ባዶው አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል። ሦስት ባዶ ባለበት ሁለቱን አግኝታችሁ አንዱን ብትስቱ ምንም ነጥብ አታገኙም። ሁለተኛው ዓይነት ባዶው አንድ ሆኖ ምርጫው ስድስት የሆነ ነው። ከስድስቱ ሁለት ትመርጣላችሁ። ሁለቱ ቃላት እየተቀያየሩ ሲገቡ የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየት አለበት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 2011 አጋማሽ ድረስ ጂ አር ኢ ቃል ብቻውን አውጥቶ «ተቃራኒው የቱ ነው?» ይል ነበር። ለዚያ ፈተና ሽምደዳ ይሠራ ነበር። ከነሐሴ 2011 ጀምሮ ያ ዓይነት ጥያቄ ቀርቷል። ዛሬም በየቴሌግራም ቻናሉ የሚዞረው ባለ ሦስትና አራት ሺህ ቃል ፒዲኤፍ የሚስማማው ለዚያ ለቀረው ፈተና ነው። እዚሁ አገር ለድህረ ምረቃ የሚሰጠውን ጋት የምትዘጋጁም ብትሆኑ የቋንቋውን ክፍል በእንግሊዝኛ ነው የምትፈተኑት። ቀጥሎ ያለው አብዛኛው ነገር ለእናንተም ይሆናል።

በእጃችሁ ያለው ችሎታ

«ሰፊ» የሚለውን ቃል ብቻውን ብጽፍላችሁ እንዴት ታነቡታላችሁ? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ሰፊ ቤት ተከራየ» ካልኩ አጥብቃችሁ ታነባላችሁ። «ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘጋ» ካልኩ አላልታችሁ። «ልጁ ቁርሱን ይበላል» እና «ይህ ቅጠል ይበላል» ላይ ያለው «ይበላል» ሲጻፍ አንድ ነው፣ ሲነበብ ግን ሁለት ነው። ማንም አማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ቆሞ አያስብም። ዓይኑ ከአጠገቡ ካሉት ቃላት ፍንጩን ወስዶ፣ ወስኖ ጨርሷል።

ጂ አር ኢ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ቃሉን ከጎረቤቶቹ ማወቅን ነው የሚለካው። አማርኛ ሲያነብ ያደገ ሰው ይህን ሥራ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል። እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ግን ይተወውና ወደ ሽምደዳ ይገባል።

እስኪ አንድ እንሞክር። ፈተናው ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ነው የሚያመጣው፤ እኔ ግን አስተሳሰቡ እንዲታይ በአማርኛ ልጻፈው።

«ደራሲዋ በአደባባይ ቃል የማይወጣት ብትሆንም፣ ለወዳጆቿ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ግን ______ ነበረች።»

ምርጫዎቹ ታሲተርን፣ ጋሩለስ፣ ሬቲሰንት፣ ሎክዌሸስ፣ ሳንግዊን እና ፍሩጋል ናቸው። ሁለት እንመርጣለን።

መጀመሪያ ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑ። እውነቴን ነው፣ ሸፍኗቸው። ዓረፍተ ነገሩን ብቻ አንብቡ። «ብትሆንም» እና «ግን» የሚሉት ሁለቱ መንገዱን ያዞሩታል። በአንድ በኩል ቃል አይወጣትም፤ ስለዚህ በሌላ በኩል ብዙ የምታወራ መሆን አለባት። ባዶው ቦታ ላይ «ወሬኛ» ብላችሁ በራሳችሁ ቃል ሙሉት። አሁን ምርጫዎቹን ግለጡ። ወሬኛ የሚሉት ጋሩለስ እና ሎክዌሸስ ናቸው። አለቀ።

ወጥመዱን ደግሞ እዩት። ታሲተርን እና ሬቲሰንትም ተመሳሳይ ናቸው፤ ሁለቱም የዝምተኛ ቃል ናቸው። ዓረፍተ ነገሩን ሳያነብ ተመሳሳይ ጥንድ የሚፈልግ ተፈታኝ እነሱን ይዞ ይሄዳል። ሳንግዊን ደግሞ ተስፈኛ፣ ደስተኛ ማለት ነው። በደብዳቤዋ ደስተኛ ብትሆን ያስኬዳል፤ ጓደኛ ቃል ግን የለውም። አጥማጁ ሦስት ቦታ መረብ ዘርግቷል። ሦስቱንም የሚያልፈው መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ያነበበ ሰው ነው።

ለዚህ ሲባል ከሁሉም በፊት መጠናት ያለባቸው ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። ኦልዞው፣ ዴስፓይት፣ የእንግሊዝኛው «የት» (ሆኖም ማለት ነው) እና ፋር ፍሮም ሐሳቡን ያዞሩታል። ሄንስ እና ኢንዲድ ወደፊት ይገፉታል። ሴሚኮለን እንደኛ ድርብ ሰረዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሱ በኋላ የሚመጣው ከፊቱ ያለውን ያብራራል። እነዚህን ማንም በፍላሽ ካርድ ሲያጠናቸው አላየሁም። ግማሹን ጥያቄ የሚፈቱት ግን እነሱ ናቸው።

አማርኛው ጠላት አይደለም

አንዳንድ አስጠኚዎች «በአማርኛ አትፍቱ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ አስቡ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። አማርኛችሁ የታወቀውን አንድ ደረቅ ፍቺ ብቻ ሲሰጥ ነው የሚጎዳችሁ። ጥሩውን አማርኛ ካወጣችሁት ግን ከማንኛውም መዝገበ ቃላት በላይ ይረዳችኋል።

ጋሩለስ «ተናጋሪ» ተብሎ ይጻፋል። ኤሎክዌንትም «ተናጋሪ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ ግን አይገናኙም። ጋሩለስ ለፍላፊ ነው። ኤሎክዌንት አንደበተ ርቱዕ ነው። አንዱ ስድብ ነው፣ አንዱ ምስጋና ነው። ታሲተርን ዝምተኛ ነው፤ ሬቲሰንት ደግሞ ቁጥብ፣ ጭምት ወደሚለው ይቀርባል። ፍሩጋል ቆጣቢ ነው፤ ፓርሲሞኒየስ ቋጣሪ ነው። ሬዞሉት ቆራጥ ነው፤ ኦብስቲኔት ግትር ነው። ኦብሲክዊየስ የሚለውን መዝገበ ቃላት «ከመጠን ያለፈ ታዛዥ» ይለዋል። እኛ ዘንድ «አሸርጋጅ» የሚል ቃል ተቀምጧል። አንዴ አሸርጋጅ ካላችሁት አትረሱትም፤ ፊቱም ጭምር ይታያችኋል።

አምቢቫለንት እና ኢክዊቮካል ብዙ ሰው ያምታታሉ። አምቢቫለንት የሰው ልብ ነው፤ መንታ ልብ። ኢክዊቮካል ንግግር ነው፤ ወዲህም ወዲያም የሚተረጎም አሻሚ ንግግር። ኤግዛሰርቤት ማባባስ ነው፤ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ብላችሁ ያዙት። ተቃራኒው ሚቲጌት ማለዘብ ነው።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ከቃሉ አጠገብ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት አድርጉ። ቃሉ ያመሰግናል ወይስ ይነቅፋል? ፈተናው ላይ ትርጉሙ ቢጠፋባችሁ እንኳ ምልክቱን ካስታወሳችሁ ከአምስት ምርጫ ሁለት ሦስቱን ትጥላላችሁ።

የምታውቋቸው የሚመስሏችሁ ቃላት

እንግዳ ቃል ብዙም አያስፈራኝም። እንደማላውቀው አውቃለሁና እጠነቀቃለሁ። የሚያስፈራኝ የማውቀው የሚመስለኝ ቃል ነው።

በከተማ አማርኛችን «ቼክ አድርግ» እንላለን፤ አጣራ ማለታችን ነው። በጂ አር ኢ ምንባብ ውስጥ ቼክ ብዙ ጊዜ መግታት ነው። የንጉሡን ሥልጣን ቼክ ያደረገ ሕግ ሥልጣኑን ያጣራ ሳይሆን የገታ ሕግ ነው። «አፕሪሺዬት አደርጋለሁ» ስንል እያመሰገንን ነው። በምንባቡ ውስጥ ግን ዋጋው ጨመረ፣ ወይም ጉዳዩን በጥልቀት ተረዳ ሊሆን ይችላል። ዋንት መፈለግ ብቻ ሳይሆን ማጣትም ነው። ሀዝባንድ ባል ብቻ ሳይሆን ቆጥቦ መያዝም ነው። ፍላግ ባንዲራ ብቻ ሳይሆን መዛልም ነው። ዲስኢንተረስትድ የሚለውን ብዙ ሰው «ግድ የሌለው» ብሎ ያልፈዋል። በፈተናው ቋንቋ ጥቅም የሌለበት፣ የማያዳላ ማለት ነው። ጥሩ ዳኛ ዲስኢንተረስትድ መሆን አለበት።

ከሁሉም ግን ኳሊፋይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አንብቦ መረዳቱ ላይ ብዙ ነጥብ የሚወድቀው በሱ ነውና። ስፖርት ስንሰማ ቡድኑ ኳሊፋይ አደረገ እንላለን፤ አለፈ ማለት ነው። በምንባብ ጥያቄ ውስጥ ግን «ጸሐፊው በመጨረሻው አንቀጽ ምን አደረገ?» ተብሎ ይጠየቅና አንዱ ምርጫ «ቀድሞ ያለውን ኳሊፋይ አደረገ» ይላል። ይህ ማለት ሐሳቡን አልሻረውም፣ አላጸናውምም፤ ገደብ አበጀለት ማለት ነው። «ድርቅ ሁሌ ስደት ያስከትላል» ብሎ የጀመረ ሰው «ይህ ግን የመስኖ ውሃ በሌለበት አካባቢ ነው» ካለ ሐሳቡን ኳሊፋይ አደረገ። ይህን ያላወቀ ተፈታኝ ምንባቡ ሙሉ በሙሉ ቢገባውም መልሱን ይስታል።

ቅኔ ያደመጠ ሰው ይህ ነገር አዲስ አይሆንበትም። ሰሙን ሰምቶ የሚነሣ ሰው ወርቁን ትቶት ይሄዳል። በቀላሉ የገባችሁ የሚመስላችሁ ቃል ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሲቆረቁራችሁ ቁሙ። መቆርቆሩ ራሱ ሌላ ትርጉም እንዳለው ምልክት ነው።

ሥሩን መያዝ

አማርኛ «እጅ» ይላል። ሙያውን ከፍ አድርጎ ሲጠራው ግን «እደ ጥበብ» ይላል፤ ከግእዙ «እድ» ወስዶ። «ቀን» ይላል፤ ጋዜጣው ግን «ዕለታዊ» ነው። የቤት ቃላችን አንድ ነው፣ የመጽሐፍ ቃላችን ሌላ ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ሃንድ የቤቱ ቃል ነው፤ ማንዋል ከላቲኑ ማኑስ መጣ። ዴይ የቤቱ ነው፤ ዳይርናል የመጽሐፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ከፈረንሳይ ምድር የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የችሎትና የቤተ መንግሥት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቋንቋ ደግሞ ላቲን ነበር። የጂ አር ኢ ከባድ ቃላት አብዛኞቹ ከዚህ ከላይኛው እርከን የተወሰዱ ናቸው። ላቲንና ግሪክ ለእንግሊዝኛ ግእዝ ለእኛ እንደሆነው ናቸው።

«ነገረ» ከሚለው ንግግር፣ ተናጋሪ፣ አነጋገር፣ መነጋገሪያ እያልን እናወጣለን። መሠረቱን የያዘ ሰው ቅርንጫፉን ያገኘዋል። ላቲን ለመናገር የሚጠቀምበት ሥር ሎክ ነው። ሎክዌሸስ፣ ኤሎክዌንት፣ ኮሎኪያል፣ ሶሊሎክዊ ሁሉ ከዚያ ናቸው። አንዱን ካጠናችሁ አራቱም ፊት ለፊት ይመጣሉ።

በጣም የምወደው አኒሙስ የሚለው ነው። ነፍስ፣ መንፈስ ማለት ነው። ማግናኒመስ ነፍሱ ትልቅ የሆነ ሰው ነው። ፑሲላኒመስ ነፍሱ ትንሽ የሆነ። ኢኩዋኒሚቲ ነፍስ ሳትዋዥቅ እኩል ስትሆን። እኛ ደግሞ የሰውን ጠባይ በሆድና በልብ ነው የምንለካው። ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ልበ ሙሉ፣ ልበ ደንዳና እንላለን። ማግናኒመስን «ለጋስ መንፈስ ያለው» ብሎ ከመሸምደድ «ሆደ ሰፊ» ማለት ምን ያህል እንደሚቀል እዩት። ሲሰድቡት የማይቀየም፣ የበደለውን ቶሎ ይቅር የሚል ሰው ማለት ነው።

ሥር ግን ሊያስትም ይችላል። ኤነርቬት ለብዙ ሰው ኢነርጂን ያስታውሰዋል። «አበረታ» ብሎ ይሞላል። ቃሉ በላቲን ጅማት ማውጣት ነው። ጅማቱ የወጣለት ሰው ምን ይሆናል? ይዝላል። ትርጉሙ ማዛል፣ ማልፈስፈስ ነው። ሳንግዊንም ደም ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። እኛ «ደሙ ፈላ» ስንል ንዴት ነው። የድሮ የአውሮፓ ሐኪሞች ግን ደም የበዛበት ሰው ደስተኛና ተስፈኛ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ሳንግዊንን ከ«ደመ ግቡ» ጋር አስቀምጡት፣ ከ«ደሙ ፈላ» ጋር አይደለም። ሳንግዊነሪ ደግሞ ደም መፋሰስ ያለበት ማለት ነው። በመጨረሻቸው ብቻ ተለያይተው ሰላምና ጦርነት ያህል ይራራቃሉ።

አንዳንዱ ቃል ታሪክ ይዞ ይመጣል። ላኮኒክ ከላኮንያ፣ ከስፓርታውያን አገር የተወሰደ ነው። የመቄዶንያው ፊሊጶስ «አገራችሁ ከገባሁ አጠፋችኋለሁ» ብሎ ሲልክባቸው በእንግሊዝኛ «ኢፍ» ተብሎ የሚተረጎም አንድ ቃል መለሱለት ይባላል። በአማርኛ «ከገባህ!» እንደማለት ነው። ነገሩን በአንድ ቃል የሚቋጭ ሰው ላኮኒክ ነው።

ለምን እንረሳለን?

ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ትርጉም የሌላቸው ቃላት እያጠና ስንቱን እንደሚረሳ ይለካ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ጠፋበት። በማግስቱ ሲሦ ያህሉ ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ እየዘገየ ሄደ። ትርጉም ያለው ቃል እንዲህ በፍጥነት አይጠፋም፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። መጀመሪያ ላይ ቶሎ፣ በኋላ በዝግታ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ምንባብ አስጠኑ። ገሚሱ ደግሞ ደጋግሞ አነበበ። ገሚሱ ወረቀቱን ከድኖ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲለካ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲለካ ግን ከድነው የጻፉት በለጡ። ይህ በጣም አስፈላጊ ነገር ነው። ማታ ደብተር ደጋግማችሁ ስታነቡ «ያዝኩት» የሚል ስሜት ይመጣል። ስሜቱ ውሸት አይደለም፤ ግን የዚያች ማታ ብቻ ነው። ከድኖ ማስታወስ ያደክማል፣ ያናድዳል። ቃሉን የሚተክለው ግን እሱ ነው።

እኔ በጊዜዬ ዝርዝሩን ከኤ ጀምሬ በተራ ነበር የያዝኩት። ኤ እና ቢ እንደ ውሃ ይፈሱልኝ ነበር። ቲ ላይ ስደርስ ቀኑ ደረሰ። ከዚያም የከፋው፣ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ጎን ለጎን ስለተቀመጡ እርስ በርስ ተደባለቁብኝ። ለዚህ ነው ዛሬ ለማንም ሰው በፊደል ተራ አታጥና የምለው። በትርጉም ሰብስቡ። የዝምታና የወሬ ቃላት አንድ ሳምንት፣ የምስጋናና የነቀፋ ቃላት ሌላ ሳምንት።

የካርዱ ነገር እንዲህ ነው። የደብተር ወረቀት ወይም የካርቶን ቁራጭ በመዳፍ ልክ ቁረጡ። ፊቱ ላይ ቃሉን ብቻውን አትጻፉ። እናንተ የሠራችሁትን ወይም ከንባብ ያገኛችሁትን ዓረፍተ ነገር ባዶ ቦታ ትታችሁ ጻፉ። ጀርባው ላይ ቃሉ፣ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክቱ፣ ጥሩው አማርኛ እና አንድ ተቃራኒ ቃል ይግቡ። ያ ይበቃል። አንድ የጫማ ካርቶን በሦስት ክፈሉ። አዲስ ካርድ ሁሉ መጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ በየቀኑ ይታያል። በትክክል ከመለሳችሁት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ በሦስት ቀን አንዴ ይታያል። እዚያም ከመለሳችሁት ወደ ሦስተኛው፤ በሳምንት አንዴ። የትም ደርሶ ከሳታችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ይህን የሣጥን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ የሳይንስ ጋዜጠኛ ነው። አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ይህንኑ በስልክ ያደርግላችኋል፤ በአንድሮይድ በነጻ ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ አሥር ካርድ ይወጣል። ግን ካርዱን ራሳችሁ ሥሩት። ሌላ ሰው የሠራውን አምስት ሺህ ካርድ ማውረድ ፒዲኤፉን እንደገና ማውረድ ነው።

በቀን ስንት? ስምንት ቃል። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለ16 ሳምንት ብታስኬዱት 768 ቃል ይሆናል። በደንብ የታወቀ 768 ቃል በጨረፍታ ከታየ ሦስት ሺህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ከስምንት በላይ ስትሄዱ ክለሳው ይከመርና ሦስተኛ ሳምንት ላይ ሁሉንም ትተዉታላችሁ።

ካርድ ብቻውን ግን ቃሉን ሕያው አያደርገውም። በቀን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቡ። የጂ አር ኢ ምንባቦች ከሳይንስ፣ ከታሪክ፣ ከሥነ ጥበብና ከማኅበራዊ ጥናት የሚመጡ ናቸው። ሳይንቲፊክ አሜሪካን፣ ስሚዝሶኒያን መጽሔት፣ ዘ ኢኮኖሚስት ላይ የሚወጡት ጽሑፎች ለዚያ ይቀርባሉ። ምሕንድስና የተማረ ሰው ስለ ሥዕል ታሪክ ያንብብ፤ ታሪክ የተማረ ስለ ሴል ያንብብ። የማይመቻችሁ ርዕስ ነው ፈተናው ላይ ጊዜያችሁን የሚበላው። ካርድ ላይ ያጠናችሁትን ቃል ጽሑፍ ውስጥ ስታገኙት ዓረፍተ ነገሩን ገልብጣችሁ ካርዱ ላይ ጨምሩት። ያን ቀን ቃሉ የእናንተ ይሆናል።

የመጨረሻው ሳምንትና ቀኑ

ኢ ቲ ኤስ ሁለት የመለማመጃ ፈተና በነጻ ይሰጣል፤ ፓወርፕረፕ ይባላል። አንዱን ጥናቱ መሃል ላይ፣ አንዱን ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ውሰዱ። ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ። በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ቃል አትጨምሩ። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ያሉትን ካርዶች ብቻ አዙሩ። ውጤቱ ባያረካችሁ ከ21 ቀን በኋላ ድጋሚ መፈተን ይቻላል፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ። ያመጣችሁት ውጤት ለአምስት ዓመት ያገለግላል።

ፈተናው ላይ ፈጽሞ የማታውቁት ቃል ይመጣል። ለሁሉም ይመጣል። የምታውቋቸውን ምርጫዎች መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገቡና የማይሄዱትን ጣሉ። የምታውቁት አንዱም ካልሄደ መልሱ የማታውቁት ነው፤ ሳትፈሩ ምረጡት። የሚሄድ የመሰላችሁን የምታውቁትን ቃል «ቀላል ስለሆነ ነው» ብላችሁ አትሽሹት። ከሁለት ደቂቃ በላይ የያዛችሁን ጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፤ በዚያው ዙር ውስጥ ተመልሳችሁ መሥራት ይፈቀዳል። ሰዓቱ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀር ማሰቡን አቁሙና ባዶ የቀረውን በሙሉ ሙሉ። ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ የለም።